በደረጀ መኪና ውስጥ የቀረው ውሃ

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ውሃ አየሁ። ዘይት አየሁ። ጎማውን በእግሬ መታ መታ። ሁሉም ደህና። ንጋት ላይ እማማ ብርቄ በር ደረስኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው፣ ቆመው እየጠበቁኝ። የፊት ወንበር። ቀበቶውን አሰርኩላቸው። በሩ ሁለቴ ካልተገፋ እንደማይዘጋ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። የልጃቸውም መኪና እንደዚያው ነበረች።

አንተ ደብተር፣ ትንሽ ላስታውስህ። ጓደኛዬ ደረጀ ካረፈ ወዲህ ነው እኔና አንተ የተዋወቅነው። ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ለእሱ አወራው የነበረውን ነው ላንተ የማወራው። አትስቅም፣ አትሳደብም። ትሰማለህ። ይሁን።

ደረጀ ወር በገባ በ21 እናቱን እንጦጦ ማርያም ሳያደርስ ቀርቶ አያውቅም። ሐምሌ ላይ አረፈ። ሰማንያው ካለፈ በኋላ እኔ ጀመርኩ። መስከረም ላይ ደህና ሄድን፣ ደህና ተመለስን። ዛሬ ሁለተኛው ነው።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱን ስንጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለፈው ወር እንቅልፍ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ነገሩኝ። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሞተሩ ድምፅ ያው የደረጀ ነው። ማርሽ ስቀይር የምታቃስተው ማቃሰት ያው ነው። ስለዚህ የሚነዳው እሱ ነው። ከሰፈሩ መኪና ሁሉ የእኔን አሮጊት የመረጡት ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስለ ጸባዬ መስሎኝ!

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት። ዳር ያዝኩ። ከፈትኩ። ሞተሩ ሲግል የሚያብጠውን ውሃ የሚቀበለው ነጭ ፕላስቲክ አለ አይደል፣ የውሃ መያዣው፣ እሱ ከመጋጠሚያው ተሰንጥቋል። ውሃው በሙሉ አስፋልት ላይ።

ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። «ደረጀ፣ ምን ሆነ?» ይላሉ። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው።

«ምንም አይደል፣ እማዬ» አልኩ።

እማማ አላልኩም። እማዬ። እሱ እንደሚላቸው። አምልጦኝ ነው። ፈገግ አሉ። እኔ ግን ኮፈኑን ተደግፌ ቆየሁ።

አልደረስንም። ደግፌ አወረድኳቸው፣ መንገድ ዳር ወደ ተራራው ዞረው ተሳለሙ። ሯጮች ባጠገባችን ሽው ይላሉ። ስንመለስ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ፣ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ጠጥሮብኝ፣ እንደ ኤሊ። ከቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ የሚመጣው 21 ኅዳር ጽዮን ናት፣ ትልቁ በዓል፣ አሉኝ። አደርስዎታለሁ አልኩ። ማልኩም። ምን አስማለኝ?

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ሙላት ዘንድ። ሙላት የእኔንም የደረጀንም መኪና ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው፣ ጋራዡ ከአዲሱ ገበያ ጀርባ። የውሃ መያዣውን በአውራ ጣቱ ጫን አለው፣ ጠርዙ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ዕድሜው ነው አለ። ፕላስቲክም ያረጃል። መለወጥ ነው እንጂ መጠገን የለም አለ፤ ወዲያው መጠገን ጀመረ። የሙላት ነገር።

በጋለ ብረት አቅልጦ አጣበቀው፣ ከላይ ሙጫ ደፋበት። ጠባሳው አስቀያሚ ነው። እግዜር እስከፈቀደ ድረስ ይሄዳል አለኝ። እግዜር እስከ መቼ ነው የፈቀደው ስለው ሻይ ጠጣ አለኝ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

እግዜር እስከ ዛሬ ነው የፈቀደው።

ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ፈነዳ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ የራጅ ፖስታ አቅፋ ተቀምጣለች። እንፋሎቱ መስታወቱን ሲሸፍነው በእሳት ተያያዝን ብላ ጮኸች። አወረድኳት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። መንገዱን በእግሯ ቀጠለች፣ ፖስታዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ። አሳዘነችኝ። ራሴም አሳዘንኩኝ። ትራፊኩ አንሳ አለኝ፤ በምን ላንሳት?

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

መርካቶ፣ መለዋወጫ ተራ። የተሰነጠቀውን ይዤ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ልጆቹ እያገላበጡ ያዩታል። አንዱ፣ ጋሼ፣ ይቺ መኪና እውነት አሁንም ትሄዳለች? አለኝ። እኔ ነኝ በእግሬ የመጣሁት፣ እሷ ቆማለች አልኩት። ሳቁ። አሁን ሁሉም ሰው ኤሌክትሪክ እየነዳ ነው፣ የእናንተን ዘመን ዕቃ የሚያመጣ የለም አሉኝ። የእናንተ ዘመን! ሃምሳ ዓመት አልሞላኝም እኮ።

አንዱ ተመሳሳይ ነው ብሎ አንድ ሰጠኝ። ሙላት ሲሞክረው አንገቱ ጠባብ ነው፣ ቱቦው አይገባም። ከዚያ ሙላት ብልሃት መጣለት። የታሸገ ውሃ ጠርሙስ በሽቦ አስሮ ገጠመው። ሞተር አስነሳን። ጠርሙሱ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ከዚያ ቧ! ሙላት ጎማ ላይ ወደቀ። እኔ በሳቅ ወገቤን ያዝኩ። ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። ለደረጀ ልነግረው። ቁጥሩን ካወጣሁት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ደግሞ ምንም መጻፍ አልፈልግም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሙላት ዛሬ ያለኝን ልጻፈው ወይስ ልተወው? ልጻፈው።

ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። እዚያው ሆኖ፣ ይህንን ዕቃ ደህናውን የያዘች አንዲት መኪና ብቻ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃታለህ፣ አለኝ። የማን እንደሆነች አልተናገረም።

ጫማውን በጫማዬ መታሁት። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ፤ የምልሰው እኔ እንድሆን ነው ወይ አልኩት። ከሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሙላትም እኮ የደረጀ ወዳጅ ነበር። ሬሳ ሲወጣ ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። እኔ ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ስለ ምን እንደተናደድኩ ገባኝ። እኔም አስቤው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ኮፈኑን እንደከፈትኩ።

ሁለቱን መኪኖች ባንድ ሳምንት ነው የገዛናቸው። ሚስት እንኳ አላገባሁም ያኔ። ሰማያዊና ነጭ ቀለማቸውን አንድ ግቢ ውስጥ ቀባን፤ ደረጀ ቀለሙን አፍንጫው ላይ ሳይቀር ተቀባ። ከዚያ ጀምሮ አንድ ዓይነት ጎማ፣ አንድ ዓይነት ዘይት፣ አንድ መካኒክ። በአንድ ነገር ብቻ ነው የምንለያየው። በውሃ።

እኔ ኩላንት እጨምራለሁ፣ ያንን አረንጓዴውን። ደረጀ ነክቶት አያውቅም። እናቱን ይዞ እንጦጦ በወጣ ቁጥር ቢጫ ጀሪካኑን ጠበል ሞልቶ ይወርዳል። ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ለራዲያተር። የምንጭ ውሃ ሞተር ያዝጋል፣ ቱቦ ይደፍናል፣ እስኪሰለቸው ድረስ ሙላት ነግሮታል። ጆሮ የለውም። «ልታስቆርባት ነው ወይ?» እለው ነበር እኔ። «አንተ አረንጓዴ መርዝህን አጠጣት፤ የእኔዋ ተጠምቃለች» ይለኛል። ተራው ሁሉ ይስቃል። በዳገት ላይ ደግሞ የእኔ ስትቆም የእሱ ታልፋለች፣ ጡሩምባ እየነፋ። ሙላት ለምን እንደሆነ አያውቅም። ማንም አያውቅም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

እማማ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ሸንኮራና ዳቦ ይዤ። ለመጠየቅ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ናት፣ ሐምሌ ላይ ራሱ ባቆማት ቦታ። ሆዴን አሞኛል፣ ደርሼ ልምጣ ብሎ፣ በእግሩ ሆስፒታል ሄደ፤ በእግሩ አልተመለሰም። ሹራቡ የሹፌሩ ወንበር ላይ እንደተሰቀለ ነው። አቧራው ላይ የጣት ምልክት የለም። እማማ አይታጠብ ብለዋል፣ አይነካ ብለዋል። የበሩ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው፣ ከማተባቸው ጋር የታሰረ።

በዚህ ሳምንት አንድ ደላላ መጥቶ እንደነበር አጫወቱኝ። ለዕቃዋ ልግዛት ብሎ። ኮፈኑን ልክፈት ሲል በዱላ አባረሩት። «ልጄን ገነጣጥሎ ሊሸጥልኝ!» አሉ። አብሬያቸው ሳቅኩ። ደግ አደረጉ አልኳቸው።

ከዚህ በኋላ በየትኛው አፌ ነው የምጠይቃቸው?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አስቴር፣ ባለቤቴ፣ ነገሩን በብልሃት ልትፈታው ፈለገች። ወንድሟ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አለው። ለኅዳር ጽዮን እሱ ያድርሳቸው አለች። እውነትም ምን ቸገረ? ዛሬ ሊያለማምዳቸው መጣ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ወስዶ መለሳቸው። ከኋላ እኔም አለሁ። ወንበሩ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሙዚቃው በየጎኑ። እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ገለጡት። «ተነሥታለች ወይ?» አሉ። እየሄድን ነው ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ድምፅ የሌላት መኪና ታስፈራኛለች፣ ለማርያም እዚሁ ደጃፌ ሆኜ እሳለማለሁ፣ አሉ። ልጁን አመስግነው መርቀው ሸኙት።

እኔ ምን ሆንኩ መሰለህ? ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ቀናሁ። አዎ፣ በደረጀ ቀናሁ። ነዳጁ የእኔ፣ ዳገቱን የምወጣው እኔ፣ እሳቸው ግን ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚሄዱት። ከሞላ ጎደል ሃያ ዓመት የምወደው ሰው ነው፣ እሱ ላይ ነው የምቀናው። ይህንን ለአስቴር አልነግራትም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ከየበሩ ቆሻሻው እየነደደ ነው፤ ጉለሌ በሞላ ጭስ፣ ከፊት ያለው ሰው አይታይም። ሁሉም ያስላል። እማማ ብርቄ ግቢ የተጠረገውን ቅጠል እኔ ለኮስኩላቸው።

ነፋሱ ዞረ። ብልጭታው ወደ መኪናዋ። ሮጥኩና እሳቱን በእግሬ በተንኩት። ከዚያ ትንሽ ፍም የወደቀባት እንደሆነ ብዬ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሳላስበው ማንሻውን በጣቴ ፈለግኩት። መዳፌ በአቧራው ላይ ታተመ።

ቀና ስል በራቸው ላይ ቆመዋል። ጭሱ ውስጥ።

«ግርማ፣ አንተም?» አሉኝ።

በቃ ይህችን ብቻ። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ያን ሁሉ ቀን ዓይኔ የት እንደሚያርፍ አይተው ኖሯል። ከዚያ ጭሱን አመካኝቼ ወጣሁ። ዓይኔ ያለቀሰው በጭሱ አይደለም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ የለም። መኪናዋ ሙላት ጋ። እኔ ቤት፣ ለሰው የማልመች። አስቴር ዛሬ ታከታት። ዝም ካልክ እንዳሰቡህ ነህ፣ ዕቃ ፈላጊ፤ ሄደህ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ አለችኝ። እሷ ብትነግራቸው ይብሳል።

የተሰነጠቀውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር። ግባ አላሉኝም፣ አትግባም አላሉኝም። ቁጭ አልኩና ዕቃውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዳገቱ ላይ የፈነዳው ይህ መሆኑን፣ መርካቶ መዞሬን፣ የጠርሙሱን ነገር፣ ሙላት ያለኝን፣ እኔ አስቀድሜ ያሰብኩትን። ለኅዳር ጽዮን ብዬ ነው አልኩ። ከዚያ ውሸት ሆነብኝና ለራሴም ነው አልኩ። በዚያች መኪና ነው የምኖረው።

እሳቸው ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ይህ ከእሱ ላይ ቢወጣ፣ የእሱ መኪና ትነሣለች ወይ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። እሳቸው ምን ያውቃሉ? አትነሣም አልኳቸው። ያለዚህ አትሄድም።

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፣ የንስሐ አባቴን ላማክር፣ አስጠራሃለሁ፣ አሉ። ስወጣ እጄን ያዙኝ። ያኔ ሐዘንተኛ እንደሚይዝ ሳይሆን፣ ማለቴ፣ ዝም ብለው ያዙኝ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ማታ

አስጠሩኝ። ብቻህን ና፣ ዕቃህን ይዘህ ና።

አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ መፍቻ፣ ጨርቅ። ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ሁለት ብሎን፣ ሁለት ቱቦ፣ ተፈታ ማለት ነው። ሙላት በስልክ አስጠናኝ። እኔም አውቀዋለሁ፣ ግን ሲያወራኝ ደስ አለኝ።

ቁልፉን ከአንገታቸው ራሳቸው ፈቱት። ማተቡ ቋጠሮ ይዞ እምቢ አለ፣ እኔ ልርዳዎት አልኩ፣ ተው አሉ። ኮፈኑን ስከፍት ሽታው ወጣ። የደረጀ እጅ ሽታ፤ ዘይትና ሳሙና። በውሃ መያዣውና በባትሪው መሃል አንድ ጨርቅ ተወትፏል። የድሮ ካናቴራው ነው። ያንን ካናቴራ አውቀዋለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ያሰማ የነበረውን ድምፅ ለመዝጋት የወተፈው። እማማ ወሰዱት፣ ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

ውሃው እስከ ምልክቱ ሞልቷል። የዛገ፣ ቀይ፣ እንደ ቀጭን ሻይ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ የታችኛውን ቱቦ ማሰሪያ አላላሁ፣ መሬት ላይ ልለቀው ስል ጮኹ።

«ኧረ በስመ አብ! እንዳታፈሰው! ጠበል እኮ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ረስቼው ኖሯል። ጠበል ሰው በሚረግጠው ላይ አይደፋም፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ሰኔ 21 ቀድቶት የወረደው ነው። የመጨረሻው ጀሪካን። ከዚያ በኋላ ማርያም አልወጣም።

ሳፋ ይዘው መጡ። ከቱቦው ሥር ራሳቸው ያዙት፤ ተዉ ይከብዳል ብላቸው አልሰሙም። ውሃው እየተንቆረቆረ ወረደ። ሲያልቅ ሳፋውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። ቀና አላሉም። ቀዩ ውሃ ላይ ፊታቸው ይታያል። ከዚያ ጣታቸውን ነክረው ግንባራቸው ላይ አማተቡ። የዝገት ምልክት ቀረባቸው፣ ግንባራቸው መሃል።

አለቀስኩ። ኮፈኑ ውስጥ አንገቴን ከትቼ። ቀብር ላይ እንዲህ አላለቀስኩም። ቀብር ላይ ሰው ማስተናገድ፣ ድንኳን ማስተከል፣ ወንበር ማስቆጠር ነበረብኝ። ዛሬ ምንም የሚቆጠር ወንበር የለም።

አውጥቼ ልሄድ ስል፣ ያንን የተሰነጠቀውን የት አደረግከው? አሉኝ። ፌስታል ውስጥ ነው። እሱ ላይ ግጠመው አሉ። እማማ አይሠራም፣ ውሃ አይዝም ስላቸው፣ ይገባኛል፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ነው አሉ።

ገጠምኩት። ሁለቱንም ብሎን አጥብቄ፣ ሁለቱንም የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ፣ ለሚሄድ መኪና እንደሚደረገው አድርጌ። የሙላት ሙጫ ያለበት፣ ጠባሳው ወደ ላይ። ኮፈኑን እሳቸው ናቸው የዘጉት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ገጠምናት። ሙላት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው ብሎኑን ያጠበቀው። ለሙከራ ንጹሕ ውሃ ሞላን፤ ማሞቂያውን ከፍተን አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አሠራን። ቱቦዎቹን ዳበስን። ከሥር ካርቶን አነጠፍን። ደረቅ ነው። እስከ አዲሱ ገበያ አደባባይ ሦስት ዙር፤ ቀስቱ መሃል ላይ ቆሞ አልተነቃነቀም።

ሙላት ሊያስደስተኝ ነው መሰል እንዳትኮራ አለኝ። የዚህኛውም ዕድሜ ያው ነው፣ ባንድ ሳምንት አይደል የገዛችኋቸው? ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው። አውቃለሁ አልኩት። ደግሞ አለ፣ ከበዓሉ ስትመለስ ውሃውን አፍስሰህ ኩላንት ጨምርበት፣ ያ ዕቃ ኩላንት አይቶ አያውቅም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ደርሰናል።

ገና ሳይነጋ ተነሳን። መንገዱ ነጭ በነጭ፤ ሕዝቡ ዳገቱን በእግሩ ሞልቶታል። እማማ ብርቄ የፊት ወንበር፣ ቢጫው ጀሪካን በእግራቸው መሃል። ያ ቀይ ውሃ ነው ያለበት። የት እንደሚያደርጉት አልጠየቅኩም።

ዳገቱ ሲጀምር እንዲጨፍኑ ጠበቅኩ። ማርሹን በቀስታ ቀየርኩ፣ እንድታቃስትላቸው። አልጨፈኑም። ሁለተኛው መታጠፊያ መጣ፣ አለፈ። ቀስቱ መሃል ላይ። ጎን ጎኔን አያቸዋለሁ። ዓይናቸውን ገልጠው መንገዱን፣ ዛፉን፣ ሰዉን ያያሉ። አንዴ ወደ እኔ ዞረው እጄን አዩ፣ መሪው ላይ ያለውን። ዓይናቸውን አላነሡም። የማን እጅ እንደሆነ እያረጋገጡ መሰለኝ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ደገፍኳቸው። ከቅጥሩ ጥግ፣ ሰው የማያልፍበት፣ ጥድ ሥር። ጀሪካኑን ተቀብዬ እኔ ልደፋው ስል እሳቸውም እጀታውን ያዙ። አብረን ደፋነው። መሬቱ ጠጣው። ቀይ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ።

እዚያው እንደቆምን፣ ወደ መሬቱ እያዩ፣ «ግርማ» አሉኝ። «ደረጀ ሞቷል አይደል?»

ከሐምሌ ጀምሮ ይህንን ቃል ያለ ሰው የለም። አረፈ ነው የምንለው፣ ተለየን ነው የምንለው። አንተም ላይ፣ ደብተር፣ እንዲያ ነው የጻፍኩት። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ዳገት ላይ እሱን ሆኜ መልሼላቸዋለሁ።

«አዎ፣ እማማ» አልኩ። «ሞቷል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲጠረጥሩት የኖሩትን ሰው እንዳረጋገጠላቸው። ከዚያ ሊቀመጡ ሲሉ ያዝኳቸው። ጥዱ ሥር ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ፣ በስሙ እየጠሩት፣ አንተ እያሉት፣ ለምን እያሉት። እኔም። ሰዉ ያየናል፤ ይየን። በዓል ቀን ነው፣ ከበሮው ይሰማል፣ እኛ ገና ዛሬ ቀበርነው።

ሲበቃቸው ተነሡ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጀሪካኑን አጥበህ ጠበል ሞልተህ አምጣ አሉኝ። ሞላሁ። ቁልቁለቱንም ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አንዴ ብቻ፣ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ፣ ቀስ በል፣ ደረጀም እንዲህ ነበር የሚያበር፣ አሉኝ። ነበር አሉ።

በራቸው ላይ ስንደርስ ግማሹን ጠበል በእንስራቸው ገለበጥኩላቸው። ግማሹን ጀሪካኑ ውስጥ ተውት፣ ውሰደው፣ አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሙላት ደወለ። ኩላንት ጨመርክ ወይ? የምንጭ ውሃ እንዳታስለምዳት፣ ራዲያተሩን ይበላዋል፣ ሁለተኛ አልጠግንልህም አለ። እሺ አልኩት።

ሞተሩ ቀዝቅዟል። ኮፈኑ ተከፍቷል። ሳፋ ከሥር አስቀምጬ የቧንቧውን ውሃ አፍስሻለሁ። አረንጓዴው ጠርሙስ ግራዬ፣ ቢጫው ጀሪካን ቀኜ። አስቴር በመስኮት እያየችኝ ነው፣ መኪና ላይ ደብተር ዘርግቶ የሚጽፍ ሰው አይታ አታውቅም። ሙላት ልክ ነው። ያዝጋል፣ ይደፍናል፣ ዕድሜዋን ያሳጥራል። ሁሉንም አውቃለሁ።

ጀሪካኑን አንሥቻለሁ።

ደብተር፣ ይቅርታ፤ ይህችኛዋ ላንተ አይደለችም። ደረጀ፣ ይኸው አስቆረብኳት። ሳቅብኝ።